እናቱ የሞተችበትና እናቱ ወንዝ የወረደችበት

ሰኔ ሲገባ ደብዳቤው ይበዛል። ሣሩ ያድጋል፣ ወፎች ጎጆ ይሠራሉ፣ ሰውም በየጥሻው ሥር የተኛ ግልገል ያገኛል። ከዚያ ወደ ቤቱ ይወስደውና ለእኔ ይጽፋል። ለዚህ እትም አምስት ደብዳቤ መርጫለሁ። ለአዲስ አንባቢዎች ማንነቴን ልንገራችሁ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁት እናት የሌላቸውን የዱር እንስሳት በሚያሳድግ ማገገሚያ ውስጥ ነው። የምመልሰውም ሌሊት በስምንት ሰዓት ጡጦ እያሞቅኩ ካየሁት ነው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ አሞራ ገደል አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት አንዲት ጦጣ መኪና ገጭቷት ሞተች። ልጇን ሆዷ ላይ እንደተጣበቀ አገኘነው። ልጄ አልቅሳ አስወሰደችኝ። በጡጦ የላም ወተት እንሰጠዋለን። ዳይፐርም አድርገንለታል። ከልጄ አንገት አይወርድም። ሰሞኑን ግን ያስቀምጠዋል። ጎረቤት ደግሞ «ሲያድግ ይነክሳችኋል» ይለናል። ለእኛ ቤተሰብ ሆኗል። ከእኛ በላይ ማን ይወደዋል? ወተቱን ምን ባደርገው ይሻላል? *ከሐዋሳ*

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ተቅማጡ። ወተቱ ይመስለኛል። ላም ወተቷን የምትሠራው ለጥጃ ነው። የእያንዳንዱ እንስሳ ወተት ስቡም ስኳሩም ፕሮቲኑም ይለያያል። የላም ወተት ከመቶው አራት እጅ ያህል ስብ አለው። የጥንቸል ወተት ከዚያ በእጥፍ የሚበልጥ ስብ አለው። የጦጣ ወተት ደግሞ ቀጠን ያለ ነው፤ ወደ ሰው ወተት ይቀርባል። ማገገሚያዎች ለሕፃን ጦጣ የሚሰጡት ለሰው ሕፃን የተዘጋጀውን የዱቄት ወተት ነው። እሱም በዕድሜውና በክብደቱ ተለክቶ ነው። ያንቺ ሕፃን ግን አሁን ከሰውነቱ ውኃ እያለቀበት ነው። ወተት ከመቀየር በፊት የወጣው ፈሳሽ መተካት አለበት። ምን ያህል የሚለውን የሚወስነው መዝኖ ያየው ሐኪም ነው። መጽሔቱን አስቀምጪና ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም ጋ ሂጂ። ቀሪውን ስትመለሺ ታነቢዋለሽ።

ይህን ስጽፍ ልቆጣሽ ፈልጌ አይደለም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ ከበቆሎ ማሳ የሚዳቋ ግልገል ታቅፎ መጣ። ያኔ የምንኖረው ወንዶ ገነት ነበር። እናቴ የላም ወተት አፍልታ፣ አብርዳ፣ በእህቴ ጡጦ ሰጠቻት። ሁለት ቀን ጠጣች። በሦስተኛው ቀን ሆዷ ተነፋ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጭኔ ላይ ሞተች። እንደ እኛ ቤት ማንም ሊወዳት አይችልም ነበር። ሁላችንም በተራ አድረን ጠብቀናታል።

ከዓመታት በኋላ ትምህርት ቤት ገብቼ ነው ምን እንዳጠፋን የገባኝ። ወተቱ አንዱ ብቻ ነው። ትንሽ ግልገል እናቱ ከጅራቱ ሥር ካልላሰችው ሽንቱንም ኩሱንም በቀላሉ አያወጣም። በማገገሚያ ቤት ይህን የምንሠራው በሞቀ ውኃ በራሰ ጥጥ ነው፤ ከእያንዳንዱ ጡጦ በኋላ። እኛ ይህን አላወቅንም። ደግሞ ልክ እንደ ሰው ሕፃን በጀርባዋ አስተኝተን ነበር የምናጠባት። በጀርባው የተኛ ግልገል ወተቱ ወደ ሳንባው ይገባል። ቀስ ብሎ ሳንባ ምች ይይዘዋል። ሌላም አለ። ብርድ የመታውን ሕፃን መጀመሪያ ማሞቅ እንጂ መመገብ አይገባም። የቀዘቀዘ ሆድ ወተት አይፈጭም። እናቴ ስድስት ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። የምታውቀው ግን የሰው ልጅ ማሳደግ ነበር።

ያንቺንም ስታጠቡት ሆዱ ወደ ታች፣ ጭንቅላቱ ቀና ብሎ ይሁን። ዳይፐሩን አውልቁለት፤ ቆዳውን ያቆስለዋል። የሚታቀፈው ለስላሳ ነገር ስጡት፤ የተጠቀለለ ፎጣም ይሆናል። ሕፃን ጦጣ የሚያቅፈው ካጣ ይጨነቃል። የልጅሽ አንገት ላይ መዋሉ ግን ቢቀር ይሻላል። በሽታው በሁለቱም በኩል ይሄዳል። ከሰው ወደ ጦጣ ኩፍኝም ሳንባ ነቀርሳም ይተላለፋል። ከእሱ ወደ ልጅሽ ደግሞ የሆድ ጥገኛ ትሎችና ተቅማጥ አምጪ ተሕዋስያን ይመጣሉ። የእብድ ውሻ በሽታንም መርሳት የለብንም። ጦጣ ተነክሶ ከነበረ ሊይዘው ይችላል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ ማንንም አይምርም። ነክሷት ወይም ቧጥጧት ከሆነ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቢና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ትንሽ ነው ብለሽ አትተይው።

«ከእኛ በላይ ማን ይወደዋል?» ላልሽው፣ ምናልባት ማንም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ጦጣ ነብር ሲያይ የሚጮኸው ጩኸት ሌላ ነው። ንስር ሲያይ ሌላ። እባብ ሲያይ ሌላ። ተመራማሪዎች ይህን በኬንያ አምቦሴሊ አጥንተውታል። ሕፃን ጦጣ መጀመሪያ ላይ ይሳሳታል። ቅጠል ሲወድቅ አይቶ «ንስር መጣ!» ብሎ የሚጮኽበት ጊዜ አለ። ትልልቆቹ ቀና ብለው ያያሉ። እውነት ንስር ከሆነ አብረውት ይጮኻሉ። ካልሆነ ዝም ይላሉ። እንዲህ እየሆነ ይማራል። ይህን ትምህርት ልጅሽ ልትሰጠው አትችልም። እኔም አልችልም። የሚችለው ሌላ ጦጣ ነው። ለዚህ ነው በደቡብ አፍሪካ ያሉ የጦጣ ማገገሚያዎች ሕፃኑን ቶሎ ብለው ለአሳዳጊ እናት የሚሰጡት። በግቢው ከሚኖሩት ሴት ጦጣዎች አንዷ ትቀበለዋለች፣ ታቅፈዋለች፣ ከመንጋው ታስተዋውቀዋለች። ቤት የቆየ ጦጣ ግን መንጋ ሲያይ የሚሮጠው ወደ ሰው ነው። ወንድ ሲሆን ደግሞ ክራንቻው እንደ ቢላ ነው። ጎረቤትሽ የነገሩሽ እውነት ነው። ሰው ከነከሰ በኋላ የሚጠብቀው ወይ ሰንሰለት ነው ወይ ጥይት።

ሕጉንም ማወቅ አለብሽ። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ይዞ ማቆየት ክልክል ነው። ግን ሕፃኑን ለማስረከብ ስትደውዪ አትፍሪ። ለክልሉ የዱር እንስሳት ጉዳይ ለሚመለከተው ቢሮ ወይም አዲስ አበባ ላለው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ደውዪ። የት ቦታ፣ በስንት ቀን፣ ከየትኛው መንጋ አጠገብ እንዳገኛችሁት ንገሪያቸው። ቦታው በጣም ይጠቅማል። ስልክ ቁጥርሽን ለዝግጅት ክፍሉ ተዪልኝ፤ እኔም እደውልልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ትናንት ጠዋት ከጓሮዬ ሣር ውስጥ ነጭ ነጠብጣብ ያለው የአጋዘን ግልገል አገኘሁ። ተጠቅልሎ ተኝቷል። ስጠጋው እንኳ አልተነሣም። እናቱን ቀኑን ሙሉ ጠበቅኩ፣ አልመጣችም። ልጆቼ «ማሚ፣ ዝም ብለን ይሙት?» እያሉኝ ነው። ጋራዥ አስገብቼ ወተት ልስጠው? *ከአሌክሳንድሪያ*

መልስ፦ እባክሽ አታስገቢው። እናቱ አልመጣችም ያልሽው አንቺ እዚያ ስለቆምሽ ሊሆን ይችላል።

የእኛ ሰው «እናቱ የሞተችበትም ወንዝ የወረደችበትም እኩል ያለቅሳሉ» ይላል። አንቺ ያየሽው ወንዝ የወረደችበትን ነው ብዬ አስባለሁ። እንዲያውም እሱ አላለቀሰም። ዝም ብሎ ተኝቷል፤ እናቱ ያስተማረችው ይህንኑ ነው። አጋዘን ከወለደች በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግልገሏን ደብቃ ትሄዳለች። የግልገሉ ጠረን በጣም ትንሽ ነው። የእሷ ግን ይሸታል። አጠገቡ ብትውል አውሬ ትጠራበታለች። ስለዚህ ራቅ ብላ ትግጣለች። ማለዳና ማምሻ ላይ መጥታ ታጠባዋለች። ሰው ሲያያት አትመጣም።

ልጆችሽን ይዘሽ ቤት ግቢ። ውሻ ካለሽ እሰሪው። መጋረጃውን ዝጊ። ነገ ማለዳ በመስኮት ተመልከቺ። ብዙ ጊዜ ግልገሉ የለም፤ ወይም ሌላ ቦታ ተዛውሮ ተኝቷል። ያ ማለት እናቱ መጥታለች ማለት ነው።

በእርግጥ እናቱን ያጣም አለ። ምልክቱን ልንገርሽ። ሳያቋርጥ እየጮኸ ወዲያ ወዲህ የሚል። ቁስል ያለበት፣ ዝንብ የወረረው። በጎኑ የተዘረረ። የጆሮው ጫፍ ወደ ኋላ የተጠቀለለ፤ ይህኛው ውኃ እንደጠማው የሚናገር ምልክት ነው፣ ሰው ብዙም አያውቀውም። ወይም የሞተች እናት መንገድ ዳር ካየሽ። ያን ጊዜም ቢሆን ጋራዥና ወተት አይደለም። በቨርጂኒያ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማሳደግ ሕገ ወጥ ነው። የግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያላቸውን ተንከባካቢዎች ያውቃቸዋል። ዌይንስቦሮ የሚገኘው የቨርጂኒያ የዱር እንስሳት ማዕከልም ከ1982 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ስልክ ሲደወልላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት «እውነት እናቱን አጥቷል ወይ?» ብለው ነው። ያ ጥያቄ ብቻውን ስንቱን ግልገል ከእናቱ ጋር እንዳስቀረ!

አጋዘኑን ተዪውና ሌላ ነገር ላስጠንቅቅሽ። በዚያው ሰፈር የራኩን ወይም የቀበሮ ግልገል ካገኛችሁ ልጆቹ በእጃቸው እንዳይነኩ። የሌሊት ወፍም እንዲሁ። እነዚህ እዚያ አገር የእብድ ውሻ በሽታን ይዘው ከሚገኙት ዋነኞቹ ናቸው።

አባቴ እስኪያርፍ ድረስ ያቺን ሚዳቋ ሲያነሣ «እናቷ እዚያው በቆሎ ውስጥ ትሆን ነበር» ይል ነበር። ሚዳቋም እንደ አጋዘን ግልገሏን ደብቃ ነው የምትግጠው። ያን ቀን የእናቷን ሞት ማንም አላረዳውም፣ ማንም አልተኮሰም። ብቻውን የተኛ ግልገል አየና አዘነ። ስለዚህ ደብዳቤሽን ሳነብ እጄ ተንቀጥቅጧል። አደራ፣ አትንኪው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ13 ዓመት ልጅ ነኝ። ከዛፍ የወደቀ ጫጩት አገኘሁ። ጓደኞቼ «የሰው እጅ ከነካው እናቱ ትተወዋለች» አሉኝ። ዳቦ በወተት አርሼ ሰጠሁት፣ አልበላም። ምን ልስጠው? *ከደብረ ማርቆስ*

መልስ፦ ጎበዝ፣ ምንም አትስጠው። ዳቦም ወተትም ለወፍ አይሆንም። ውኃም በአፉ አታንጠባጥብለት። የመተንፈሻ ቀዳዳው ከምላሱ ሥር ስለሆነ ውኃው ወደ ሳንባው ይገባል።

ጓደኞችህ ያሉህን እኔም በልጅነቴ ሰምቻለሁ። እውነት አይደለም። አብዛኞቹ ወፎች በማሽተት ልጃቸውን አይለዩም። እናቱ አትተወውም። ጫጩቱ ላባ ያላበቀለ፣ ሥጋው የሚታይ ከሆነ ጎጆውን ፈልገህ መልሰው። ጎጆው ከፍ ያለ ከሆነ አንተ አትውጣ፤ ትልቅ ሰው ጥራ። ጎጆው ከፈረሰ ትንሽ ቅርጫት ውስጥ ደረቅ ሣር አድርገህ እዚያው ዛፍ ላይ እሰረው። ውኃ እንዳይቋጥር ቅርጫቱ ቀዳዳ ይኑረው። ላባ አብቅሎ የሚዘል ከሆነ ደግሞ አልወደቀም፤ መብረር እየተማረ ነው። ድመት እንዳይደርስበት ቁጥቋጦ ላይ አስቀምጠውና ራቅ ብለህ ጠብቅ። ወላጆቹ መጥተው ሲያጎርሱት ታያለህ። ስታይ ጻፍልኝ። ስንት ጊዜ እንደመጡ ቁጠርልኝ፤ ትገረማለህ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ዓምድሽን ሁሌ አነባለሁ። አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ ብሎኛል። እኛ ስናድግ ሚዳቋም ጦጣም ቤት ያድግ ነበር። ጃንሆይ እንኳ አንበሳ በግቢያቸው ያሳድጉ ነበር። አንቺ ግን ሁሌ «የሠለጠነ ሰው ጥሩ» ትያለሽ። ለእንስሳ ርኅራኄ ያለው ሰው ካለ ሥልጠናው ምን ያደርጋል? የፈረንጅ ነገር አይሆንም? *ከጉለሌ፣ የ71 ዓመት አዛውንት*

መልስ፦ ጋሼ፣ ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ። ልክ ነዎት፣ የቤተ መንግሥቱ አንበሶች አድገዋል፣ ወልደዋል። ዘሮቻቸው በ1948 (እ.ኤ.አ.) በተቋቋመው በስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ ለትውልድ ኖረዋል። ግን እኔም አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። ከእነዚያ አንበሶች ወደ ዱር የተመለሰ አለ? ማሳደግ ሌላ፣ መመለስ ሌላ ነው። ለማሳደግ ርኅራኄ፣ ሥጋና አጥር ሊበቃ ይችላል። ለመመለስ ግን አይበቃም።

የፈረንጅ ነገር ነው ላሉት፣ እንዲያውም ይህ ትምህርት ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዱ ጎረቤታችን ኬንያ ነው። ዳፍኒ ሼልድሪክ የተባሉ ሴት ከባለቤታቸው ጋር በጻቮ ፓርክ ይኖሩ ነበር። እናታቸው የተገደለችባቸው የዝሆን ግልገሎች ይመጡላቸዋል። ገና የሚጠባ ግልገል የላም ወተት ሲሰጠው ይሞታል። ሌላ ይመጣል፣ እሱም ይሞታል። ሴትዮዋ ወተቱን እየቀያየሩ ለብዙ ዓመታት ሞከሩ። መጨረሻ ላይ የገባቸው፣ ግልገሎቹ የላም ወተትን ስብ እንደማይችሉ ነው። በምትኩ የኮኮናት ስብ ያለበት ወተት አዘጋጁ። በዚያ ወተት ግልገል ማደግ ጀመረ።

በ1974 (እ.ኤ.አ.) አይሻ የምትባል ግልገል ነበረቻቸው። ገና እንደተወለደች ነው የመጣችው። ወተቱ ተስማማት። ስድስት ወር ገደማ ሆናት። ከዚያ ዳፍኒ ለልጃቸው ሠርግ ለጥቂት ቀናት ሄዱ። አይሻ መብላት አቆመች። እሳቸው ሲመለሱ ጊዜው አልፎ ነበር፤ ሞተች። በሐዘን ማለት ነው፣ ጋሼ። ወተት ነበራት፣ መኝታ ነበራት፣ ጠባቂ ነበራት። ያጣችው የምታውቀውን አንድ ሰው ነው። ዳፍኒ ከዚያ በኋላ ያወጡት ሥርዓት እስከ ዛሬ ናይሮቢ ባለው ማሳደጊያ ይሠራበታል። ጠባቂዎቹ ከግልገሎቹ ጋር በረቱ ውስጥ ያድራሉ፤ ግን በየሌሊቱ ይቀያየራሉ። አንዱ ግልገል አንድ ሰው ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል ነው። ወተቱ በየሦስት ሰዓቱ ነው፣ ሌሊትም ቢሆን። ከፍ ሲሉ ወደ ጻቮ ይወሰዳሉ። ከዚያ ወደ ዱር መንጋ እስኪቀላቀሉ ዓመታት ይፈጃል። በዚህ መንገድ ከ250 በላይ ግልገሎች አድገዋል። ከእነሱም ዛሬ በዱር የራሳቸውን ልጆች የወለዱ አሉ።

አይሻን ያጣናት ፍቅር ጎድሎባት አይደለም። ፍቅሩ እንዴት መከፋፈል እንዳለበት ገና ስላልታወቀ ነው። ሥልጠና የምለው ይህን ነው። ስንት ሰው ይቅረበው? ማን ይናገረው? መቼ እንለየው? መልሱ በየእንስሳው ይለያያል። ዝሆን ሰው አጠገቡ ካላደረ አይድንም። ወፍ ደግሞ ሰው ካየ ይበላሻል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ኮንዶር የሚባለው ትልቅ አሞራ በ1982 (እ.ኤ.አ.) 22 ብቻ ቀርቶ ነበር። ጫጩቶቹን ያሳደጓቸው ሰዎች በእጃቸው ላይ የኮንዶር ራስ የሚመስል አሻንጉሊት አጥልቀው ነበር የሚያጎርሷቸው። ጫጩቱ ሰው ወላጄ ነው ብሎ ካደገ ዘሩን አያውቅም፣ ጓደኛም አይዝም።

እኔ በሠራሁበት ማገገሚያ የሚዳቋ ግልገሎች ክፍል ስንገባ አናወራም። ሁላችንም አንድ ዓይነት ግራጫ ካፖርት ነበረን። ጡጦው በግድግዳ ቀዳዳ በኩል ነው የሚሰጠው። መጀመሪያ ሰሞን ጨክኜ መሥራት አቃተኝ። አንዷን ግልገል ማንም ሳያየኝ አሻሸኋት፣ አወራኋት። ስትለቀቅ ወደ መንደር ሄደች። ውሾች ገደሏት። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አላወጣሁም። ወንድ ከሆነ ደግሞ አደጋው ወደ ሰውም ይዞራል። እጅ ላይ ያደገ ወንድ ድኩላ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ሰውን እንደ ባላንጣ ያያል። ቀንዱን የሚሰነዝረው ያሳደገው ሰው ላይ ነው።

ርኅራኄዎን አይተዉት፣ ጋሼ። ስልክ የሚያነሣው እሱ ነው። የእርስዎ ሰፈር ልጆች ግልገል ይዘው ቢመጡ እርስዎን ይሰማሉ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ። ከጅግጅጋ ወዲያ ባለ መንገድ ሁለት የአቦሸማኔ ደቦሎች በካርቶን ይዞ የሚሸጥ ሰው አገኘሁ። ዓይናቸው ተጣብቋል። እንደ ወፍ ነው የሚጮኹት። ገንዘቡ ነበረኝ። ገዝቼ ለመንግሥት ላስረክብ አሰብኩና ፈራሁ፣ ትቼ ሄድኩ። እንቅልፍ አጣሁ። ልክ ሠራሁ? *ከድሬዳዋ*

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልክ ሠርተሃል። እንቅልፍ ማጣትህም ልክ ነው።

ያን ካርቶን ብትገዛ ሁለቱን ልታተርፍ ትችል ነበር። ሰውዬው ግን በገንዘብህ ሌላ እናት ፍለጋ ይሄዳል። ደቦል የሚገኘው እንዲህ ነው። እናቲቱ ለአደን ስትሄድ ልጆቿን ሣር ውስጥ ትደብቃለች፤ በዚያ ሰዓት ይወስዷቸዋል። ወይም ፍየል በላች ተብላ ትገደላለች፣ ልጆቿ ይሸጣሉ። ከዚያ በሶማሌላንድ ዳርቻ በጀልባ ወደ ዓረብ አገር ይሻገራሉ። በመላው ዓለም በዱር የቀረው አቦሸማኔ ወደ 7,000 ገደማ ነው። ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስም ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አደገኛ የዱር እንስሳትን በግል ቤት ማኖርን በሕግ ከልክላለች። መንገዱ ግን ገና አልተዘጋም።

ማድረግ የነበረብህን ልንገርህ፤ እንደገና ሊያጋጥምህ ይችላል። ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ የተሽከርካሪውን ታርጋ ያዝ። ከሰውዬው ጋር አትከራከር። ራቅ ብለህ ለፖሊስና ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ደውል። በ1998 ዓ.ም. ጎዴ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት በገመድ የታሰሩ ሁለት ደቦሎች ነበሩ። አንዱ በአንድ ዓይኑ አያይም ነበር። አካባቢው የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች አይተው አንድ ኢትዮጵያዊ የእንስሳት ሐኪም እንዲያያቸው አደረጉ። ደቦሎቹም ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። ያ ሁሉ የተጀመረው አንድ ሰው አይቶ ለሚመለከተው ስለተናገረ ነው።

የሚያሳዝነኝን ነገር ግን አልደብቅህም። ከተያዙት ደቦሎች ብዙዎቹ ይሞታሉ። የተረፉትም ወደ ዱር መመለስ ከሁሉም ይከብዳቸዋል። አቦሸማኔ ከእናቱ ጋር ዓመት ተኩል ያህል ይቆያል። ማደን የሚማረው በዚያ ጊዜ ነው። እናቲቱ በሕይወት ያለች ትንሽ ሚዳቋ ይዛ መጥታ ፊታቸው ትለቃለች፤ እነሱ ያባርራሉ፣ ያመልጣቸዋል፣ እንደገና ይሞክራሉ። ይህን የሚተካ ሰው አላየሁም። ለዚህ ነው ሆለታ አቅራቢያ ባለው፣ እንስሳ ኮቴ በሚባለው የዱር እንስሳት ማገገሚያ የሚኖሩት አንበሶችና አቦሸማኔዎች ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን እዚያው የሚጨርሱት። ዶሎ የሚባለው አንበሳ በጠረፍ ከተማ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ነው የተገኘው። ሰፊ ግቢ አገኘ። ዱር ግን ቀረበት።

እኔ እጅ የገባች አንዲት ደቦል ነበረች። አንድ ግቢ ውስጥ ስድስት ወር ተቀምጣለች። ባለቤቱ ክፉ ሰው አልነበረም። በየቀኑ ምርጥ ሥጋ ይገዛላት ነበር፤ አጥንት የሌለው፣ ለስላሳ። ያ ነው የጎዳት። አጥንት የሌለው ሥጋ ካልሲየም የለውም። የፊት እግሮቿ ጎብጠው ነበር። ኤክስሬይ ስናነሣት ሦስት ቦታ ተሰብራለች። አዳንናት፣ ግን መሮጥ አልቻለችም። ሰውዬው ሊጠይቃት መጥቶ ኤክስሬዩን ሳሳየው ወንበር ይዞ ቁጭ አለ። «ጭቅና ነበር የምሰጣት» አለኝ። ሌላ ምንም አልተናገረም።

ለሐዋሳዋ እህቴ፣ ይህ እትም ወደ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ደውለሻል። ተቅማጡ እንደቆመና ሕፃኑን እንዳስረከባችሁት ነግረሽኛል። ልጅሽ ሁለት ቀን ምግብ አልበላም ማለቷን ሰምቻለሁ። ቅዳሜ ሄዳ ልታየው እንደምትፈልግም። አሁን አይሆንም፣ የኔ እመቤት። ገና ከአሳዳጊ እናቱ ጋር እየተዋወቀ ነው። ትናንት ጠይቄላት ነበር። ሌሊት አልቅሶ አድሯል። ጠዋት ላይ አንዲት ትልቅ ሴት ጦጣ በሽቦው በኩል እጇን ዘርግታ ጅራቱን ይዛው ነበር አሉኝ።